ከፍላሽ እስከ ፎርማት፦ የኮምፒውተር ቫይረስ ታሪክ በእኛ ዘመን ደብረ ማርቆስ



ስንገናኝ የምናነሣው ወሬ ይታወቃል። የማርቆስ ብርድ፣ የክረምቱ ጭቃ፣ የካፌው ሰልፍ፣ ሌሊት በመስኮት የሚገባው የደጋ ነፋስ። እኔ ዛሬ ማንሣት የፈለግሁት ሌላ ነው። አንገታችን ላይ በክር አንጠልጥለን ወይም ከቁልፋችን ጋር አስረን እንዞረው ስለነበረው ስለ ፍላሻችን፣ እና በውስጡ ሳይመዘገብ ከእኛ ጋር ይማር ስለነበረው ስለ ቫይረሱ ነው።

ነገሩ ቀልድ ይመስላል። ግን ከመካከላችን የመመረቂያ ጽሑፉን፣ የባቹን ፎቶ፣ የሁለት ዓመት ኖቱን ያጣ ስንት ሰው አለ? ያኔ ‹‹ቫይረስ በላው›› ብለን እንተወው ነበር። ዓመታት አልፈው ነገሩን መለስ ብዬ ስመረምረው ግን፣ ከጠፋብን ነገር ብዙውን የበላው ቫይረሱ አልነበረም። የበላው መድኃኒት ብለን የሰጠነው ነገር ነው። ይህን የምጽፈው እንዴት እንደዚያ እንደሆነ ለማስረዳት ነው። መጨረሻ ላይ ደሞ አንድ ልመና አለኝ።

ከእጅ ወደ እጅ

በአይቢኤም ዓይነት የግል ኮምፒውተሮች ላይ ዓለምን የዞረው የመጀመሪያው ቫይረስ ‹‹ብሬይን›› ይባላል። በ1978 ዓ.ም. ከፓኪስታኗ የላሆር ከተማ ተነሣ። የሠሩት ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የሚባሉ፣ ኮምፒውተር ቤት የነበራቸው ወንድማማቾች ናቸው። ያዘጋጁትን የሕክምና ሶፍትዌር ሰው ሳይከፍል እየገለበጠ ስላስቸገራቸው እንደሠሩት ተናግረዋል። የሚገርመው፣ ቫይረሱ ውስጥ ስማቸውን፣ የሱቃቸውን አድራሻና ስልክ ቁጥራቸውን ጽፈውበት ነበር። ብሬይን በኢንተርኔት አልተላከም። የተጓዘው በፍሎፒ ዲስክ ነው፤ አንዱ ለአንዱ ሲያውስ፣ ጓደኛ ለጓደኛ ሲገለብጥ ባሕር ተሻገረ።

ከዚያ ዘመኑ ተለወጠ። ሚያዝያ 26 ቀን 1992 ዓ.ም. ከፊሊፒንስ የተነሣው ‹‹አይ ላቭ ዩ›› የፍቅር ደብዳቤ መስሎ በኢሜይል ተላከና በጥቂት ቀናት ውስጥ ሚሊዮኖች ኮምፒውተር ገባ። ኢንተርኔት የተስፋፋበት ዓለም ከዚያ ወዲህ ቫይረስን የሚጠብቀው በኢሜይልና በኢንተርኔት በኩል ሆነ። የፍሎፒው መንገድ የተዘጋ መሰለ።

እኛ ጋ ግን ገና መከፈቱ ነበር። ኢንተርኔት ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ዩኒቨርሲቲያችን በዚያን ጊዜ ከተቋቋሙት አሥራ ሦስት አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች አንዱ ሆኖ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር፣ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት የሚያቀርበው አንድ ድርጅት ብቻ ነበር፤ የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን። ለተማሪ ኪስ ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። እንደ ዛሬው ፋይል በቴሌግራም መላክ የሚባል ነገር የለም። ሃንድአውት የሚመጣው በፍላሽ ነው፤ የፈተና ወረቀት፣ መዝሙር፣ ዘፈን፣ ፊልም፣ ሶፍትዌር ሁሉ በፍላሽ ነው። የእኛ ኢንተርኔት ፍላሽ ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም።

ይህ ‹‹ኢንተርኔት›› መስመሩ የታወቀ ነው። ሴሚስተር ሲዘጋ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ አማኑኤል፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ይወጣል፤ በሉማሜና በደጀን አድርጎ ዓባይን ይሻገርና አዲስ አበባ ይገባል። ሲመለስ ባዶውን አይመለስም። ከመርካቶ የተጫነ አዲስ ፊልም ይዞ ሲመጣ፣ ከፊልሙ ጋር ማንም ያልጫነው ነገር አብሮ ይመጣል። በሳምንቱ ዶርሙን ያዳርሳል። ለጓደኛ ፍላሽ መንፈግ ነውር ስለሆነ የሚያግደው የለም።

ሁለት ጊዜ ክሊክ

ለመሆኑ ፍላሽ ሲሰካ ቫይረሱ እንዴት ኮምፒውተሩ ውስጥ ይገባ ነበር? ጥፋቱ የጀመረው በበጎ ሐሳብ ነው። ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 95 ጀምሮ ሲዲ ሲገባ ፕሮግራሙ በራሱ እንዲነሣ የሚያደርግ ‹‹አውቶራን›› የሚባል አሠራር አስገባ። ሲዲው ላይ በዚሁ ስም የተጻፈ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ካለ፣ ዊንዶውስ የታዘዘውን አንብቦ ይፈጽማል። የቫይረስ ሠሪዎች ያንኑ ፋይል ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ ጀመሩ። ከዚያ እኛ ‹‹ማይ ኮምፒውተር›› ከፍተን የፍላሹ ምስል ላይ ሁለት ጊዜ ስንጫን፣ ፍላሹን የከፈትን እየመሰለን ቫይረሱን እናስነሣዋለን።

ሌላው ዘዴ ደሞ ፎልደራችንን ይደብቅና በእሱ ቦታ፣ በእሱ ስም፣ የፎልደር መልክ ያለው ፕሮግራም ያስቀምጣል። ‹‹ሲኒየር ኤሴይ›› የሚል ቢጫ ፎልደር አይተን ስንከፍት የከፈትነው ፎልደር ሳይሆን ሌባውን ነው። ትክክለኛው ፎልደር እዚያው ፍላሹ ውስጥ አለ፤ ግን አይታይም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ተማሪውም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ፍላሹን በሁለት ክሊክ ከመክፈት ይልቅ ከላይ ባለው የአድራሻ መስመር ላይ ፊደሉን ጽፎ መክፈት ከአንዱ ዶርም ወደ ሌላው የተላለፈ ዕውቀት ነበር። ከሁሉ የምወደው ግን አንዱን ነው። ፍላሹ ላይ ‹‹አውቶራን ዶት አይኤንኤፍ›› የሚል ባዶ ፎልደር መፍጠር። በአንድ ቦታ ላይ አንድ ስም ያላቸው ፎልደርና ፋይል አብረው መኖር ስለማይችሉ፣ ቫይረሱ ፋይሉን ልጻፍ ሲል ቦታው ተይዞ ያገኘዋል። ገበሬ ማሳው ላይ ማስፈራሪያ እንደሚያቆም ማለት ነው። ሁሉንም ቫይረስ አያቆምም፤ ብዙውን ግን ያቆም ነበር።

ለምን አልወጣም አለ?

የዚያን ዘመን ቫይረሶች ግትር የነበሩበት ሦስት ምክንያት አለ።

አንደኛው አሠራራቸው ነው። በ1995 ዓ.ም. የታየውና ለዓመታት እየተሻሻለ የኖረው ‹‹ሳሊቲ›› ጥሩ ምሳሌ ነው። ሳሊቲ ለብቻው የሚቀመጥ ፋይል አይደለም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ባሉት ፕሮግራሞች ውስጥ ራሱን ይሰፋል። አንቲ ቫይረሱን ይዘጋል፤ ታስክ ማናጀር እንዳይከፈት ያግዳል፤ ‹‹ሴፍ ሞድ›› የሚባለውን የችግር ጊዜ በር ሳይቀር ያጠፋል። ሐኪሙን አስሮ በሽተኛው አልጋ ላይ እንደመተኛት ነው።

ሁለተኛው የእኛው ኮምፒውተር ሁኔታ ነው። በየቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ በአብዛኛው የተገለበጠ ነበር፤ ‹‹እንዳያስቸግር›› ተብሎም ማሻሻያው ይዘጋል። ‹‹ኮንፊከር›› የተባለውን ትል እንውሰድ። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን ማሻሻያ ያወጣው ጥቅምት 13 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። ትሉ የታየው ከዚያ በኋላ፣ በኅዳር ወር ነው። መድኃኒቱ ከበሽታው ቀድሞ ወጥቷል ማለት ነው! ያም ሆኖ ሚሊዮኖች ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፤ የኋለኞቹ ዓይነቶቹም በፍላሽ ጭምር ይተላለፉ ነበር። በየካቲት 2001 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ሠሪዎቹን ለሚያስይዝ ሰው 250,000 ዶላር እስከማቅረብ ደረሰ። ኢንተርኔት ያለው ሰው ማሻሻያውን በጥቂት ደቂቃ ያወርዳል። የእኛ አንቲ ቫይረስ ግን ከተጫነበት ቀን ወዲህ የተነሣ አዲስ ቫይረስ አያውቅም። ‹‹ኢንተርኔት ስለሌለን ቫይረስ አይነካንም›› የሚል ሰው ብዙ ነበር። እውነቱ የዚህ ተቃራኒ ነው። ቫይረሱ ኢንተርኔት ሳያስፈልገው በፍላሽ ይመጣል፤ መድኃኒቱ ግን ያለ ኢንተርኔት አይመጣም።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚያሳዝነው ነው። ኮምፒውተሩ ሲታመም የሚደረገው ሕክምና አንድ ነበር፤ ፎርማት። ቴክኒሻኑ ‹‹ሲ›› የሚባለውን ክፍል ይደመስስና ዊንዶውስን እንደገና ይጭናል። ‹‹ዲ›› የሚባለው ክፍል ዕቃ ስላለበት አይነካም። ባለቤቱ ደስ ብሎት ቤቱ ይገባል፣ ፊልም ለማየት ‹‹ዲ›› ላይ ሁለት ጊዜ ይጫናል። እዚያ የተቀመጠው የአውቶራን ፋይል ይነሣል፤ ቫይረሱ ከአዲሱ ዊንዶውስ ጋር ይተዋወቃል። በሳምንቱ ሰውየው ሲፒዩውን ተሸክሞ ይመለሳል። ‹‹ይኼ ቫይረስ ሃርድዌር ውስጥ ገብቷል›› የሚል ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። ሃርድዌር ውስጥ አልገባም፤ ሳሎኑን አጥበን ጓዳውን ስለተውን ነው።

‹‹ፎርማት ይደረግ?››

በ2002 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ነው። የዶርም ጓደኛዬ፣ የብቸና ልጅ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን አስተይቦ ለማሳተም ከተማ ውስጥ ወዳለ አንድ ጽሕፈት ቤት ሄደ። እኔም አብሬው ነበርኩ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ያኔ የትም ቢሄድ የሚገጥመው ተመሳሳይ ነበር። ፍላሹ ተሰካ፤ ፎልደሮቹ አሉ፣ ሲከፈቱ ግን ምንም የለም።

‹‹ወንድሜ፣ ቫይረስ በልቶታል። ፎርማት ይደረግ?›› አለ ልጁ።

ጓደኛዬ እኔን አየኝ። እኔ የሒሳብ ተማሪ ነኝ፤ ስለ ኮምፒውተር ከእሱ የተሻለ የማውቀው ነገር አልነበረም። ‹‹ባዶ ከሆነ ምን ይጎዳል? ይደረግ›› አልኩ። ያልኩት እኔ ነኝ። ልጁ አደረገው። አሥር ሰከንድ አልፈጀም።

ጽሑፉ ቤቱ ከነበረው የመጀመሪያ ረቂቅ እንደገና ተጻፈ። ጓደኛዬ ሌሊቱን ሁሉ እየጻፈ፣ መብራት ሲሄድ በሻማ እያረመ፣ በአሥራ አንድ ቀን ጨረሰው። ተመረቀም። በቃለ መጠይቅ የሰበሰባቸው የብቸና አካባቢ ሽማግሌዎች ቃል ግን በሙሉ አልተመለሰም፤ ገሚሱ ፍላሹ ላይ ብቻ ነበር። ከእነዚያ አባቶች አንዳንዶቹ ዛሬ በሕይወት የሉም።

እውነቱን ያወቅሁት ከወራት በኋላ ነው። ፋይሎቹ አልተበሉም ነበር፤ ተደብቀው ነበር እንጂ። በጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት ‹‹አትሪብ›› የምትባል አንዲት ትዕዛዝ ብትጻፍ፣ የ‹‹ኤች››ን፣ የ‹‹ኤስ››ንና የ‹‹አር››ን ምልክት ከፋይሎቹ ላይ አንሥታ ሁሉንም በቦታቸው ትመልስ ነበር። ይባስ ብሎ፣ ከፎርማት በኋላም ተስፋ ነበረ። ፈጣኑ ፎርማት የሚያጠፋው የፋይሎቹን ዝርዝር ነው፤ ፋይሎቹ ራሳቸው ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ እዚያው ይቆያሉ። እንደ ‹‹ሬኩቫ›› ያለ ነጻ ፕሮግራም ብዙውን ያወጣው ነበር። እኛ ግን ወዲያው ዘፈን ጫንበት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ይኼው ነው።

የጋሼ ኮምፒውተር

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን መማር የጀመርኩት። በተመረቅሁ በዓመቱ፣ ማርቆስ እያለሁ፣ በጡረታ ላይ ያሉ አንድ መምህር ቤታቸው ጠሩኝ። ዴስክቶፕ ኮምፒውተራቸው ሳሎን ውስጥ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጧል። የዓመታት የማስተማሪያ ጽሑፋቸውንና የልጆቻቸውን ፎቶ ይዟል። ሁለት ጊዜ ፎርማት ተደርጎ ሁለቴም ቫይረሱ ተመልሷል።

‹‹ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጣለው?››

‹‹ኧረ ጋሼ! ምንም አይጣልም። ብቻ ዛሬ ፎርማት አንልም።››

‹‹እሱን ቃል ከገባህልኝ ቡና ይፈላል›› አሉ።

የሠራነውን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፤ ያ ዘመን የተማረው ሁሉ እዚህ ውስጥ አለና። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን በራሱ ዊንዶውስ አላስነሣንም። ቫይረሱ የሚነሣው ከዊንዶውስ ጋር ስለሆነ፣ እሱ ነቅቶ እያለ እሱን ማጥፋት አይቻልም። ያስነሣነው በኡቡንቱ ሊኑክስ ሲዲ ነው። ያኔ ካኖኒካል የሚባለው ድርጅት ይህን ሲዲ ለጠየቀ ሁሉ በነጻ በፖስታ ይልክ ነበር፤ አንድ ጓደኛችን ያስመጣው ነው። ለዊንዶውስ የተጻፈ ቫይረስ ሊኑክስ ላይ ሬሳ ነው። የተደበቀው ሁሉ ወጥቶ ታየ፤ ‹‹ጠፋ›› የተባለው የሁለት ዓመት ፎቶ ‹‹ዲ›› ላይ ቁጭ ብሏል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ስክሪኑ ላይ ተጠግተው ዝም አሉ።

ቀጥሎ ጽሑፍና ፎቶ ብቻ ወደ ሲዲ ገለበጥን፤ ፕሮግራም የሚባል ነገር አንድም አልወሰድንም። እንደ ሳሊቲ ያለው ቫይረስ የሚሰፋው ፕሮግራም ውስጥ እንጂ ፎቶ ውስጥ አይደለምና። በማክሮ አድርገው የዎርድ ጽሑፍ ውስጥ የሚገቡም አሉ፤ እዚህ ቤት የነበረው ግን ያ አልነበረም። ከዚያ ከ‹‹ሲ››ም ከ‹‹ዲ››ም የአውቶራን ፋይሎቹንና የፎልደር መልክ የለበሱትን ፕሮግራሞች ሰረዝን። ዊንዶውሱ የተጫነው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። አንቲ ቫይረሱና ማሻሻያው የመጣውም በፍላሽ ሳይሆን በሲዲ ነው፤ ተጽፎ በተዘጋ ሲዲ ላይ ቫይረስ መጻፍ አይችልም። አውቶራንን ዘጋን። በመጨረሻ የቤተሰቡን ፍላሽ ሁሉ ሰብስበን አንድ በአንድ አጸዳን። የልጃቸው ፍላሽ ብቻ ቢቀር ድካማችን ሁሉ ከንቱ ነበር።

መሐል ላይ መብራት ሁለት ጊዜ ሄዷል። ጠዋት የጀመርነው ሲመሽ አለቀ፤ ቡናው ሦስተኛውን አልፏል። ቫይረሱ ግን አልተመለሰም።

ዘመኑ እንዴት አለፈ

ማይክሮሶፍት በየካቲት 2003 ዓ.ም. በአሮጌዎቹ ዊንዶውሶች ላይ ፍላሽ በአውቶራን እንዳይነሣ የሚያደርግ ማሻሻያ በሰፊው አሰራጨ። የኤክስፒ ድጋፍ መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. አበቃ። በዚያው ሰሞን ፎልደርን ወደ ሾርትከት የሚቀይሩ አዳዲስ ቫይረሶች ፍላሾቻችንን አዳርሰው ነበር፤ መድኃኒታቸው ግን ያችው ‹‹አትሪብ›› ነበረች። ሕጉም ተከተለ፤ በ1996ቱ የወንጀል ሕግ የተጀመረው፣ በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ራሱን ችሎ ወጣ። ከሁሉም በላይ ግን የሞባይል ኢንተርኔት መጣ። ሃንድአውት በቴሌግራም መሄድ ሲጀምር ፍላሽ ከአንገታችን ላይ ወርዶ መሳቢያ ውስጥ ገባ።

ልመናዬም ስለዚያ መሳቢያ ነው። የመጀመሪያዎቹ ባቾች ፎቶ፣ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሳይገቡ የቀሩ ረቂቆች፣ በየወረዳው የተሰበሰቡ ቃለ መጠይቆች ዛሬም በየቤታችሁ ‹‹ቫይረስ አለበት›› ተብለው በተቀመጡ ፍላሾች ውስጥ አሉ። ፍላሽ ለዓመታት ሳይሰካ ሲቆይ የያዘው ቻርጅ እየሳሳ ይሄዳል፤ ቤት ውስጥ የተጻፈ ሲዲም ይደበዝዛል። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዝግጅት ስትመጡ ይዛችሁት ኑ። ራሳችሁ አትክፈቱት፤ አውቶራን ቢዘጋም ፎልደር የመሰለውን ፕሮግራም በእጃችሁ ከተጫናችሁት ዛሬም ይነሣል። ፎርማትም አታድርጉት። በሊኑክስ የሚነሣ አንድ ላፕቶፕ ይዤ እመጣለሁ፤ ከመምህራኖቻችንም እንዲህ ያለ ማሽን ያለው ቢያግዘኝ ደስ ይለኛል። የተገኘው ተገልብጦ ለባለቤቱ ይሰጣል፤ ባለቤቱ ከፈቀደም አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍታችን ይቀራል።

የብቸናው ወዳጄ ከፎርማት የተረፈውን ያንን ፍላሽ እስከ ዛሬ አልጣለውም። ባለፈው ደውሎ ‹‹አንተ ነህ ‘ይደረግ’ ያልከው፤ መጀመሪያ የምትከፍተው የእኔን ነው›› ብሎኛል። ዘፈን የተጻፈበት ቦታ አይመለስም። ያልተጻፈበት ቦታ ካለ ግን የአንዱ ሽማግሌ ቃል እዚያ ይጠብቀን ይሆናል።

በሰላም ያገናኘን።